«ጫት እኮ ነው»፦ ከኮዬ ፈጬ የተነሡ ሁለት ሻንጣዎች

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቷና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ትኖር የነበረች አንዲት ወጣት ቻይና ውስጥ በዕፅ ዝውውር ወንጀል ተከሳ የሰባት ዓመት እስራት እስከተፈረደባት ድረስ የሆነውን ይመረምራል። ጉዳዩን ያወቅሁት ለቤተሰቧ ነፃ የሕግ ድጋፍ ስሰጥ ሲሆን፣ በእጃቸው ያሉትን ሰነዶችና የስልክ መልእክቶች አይቻለሁ። እናቷ ታሪኩ እንዲጻፍ የፈቀዱት በሌላ ሰው ልጅ ላይ እንዳይደርስ ብለው ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ስሟን፣ የተጓዘችበትን ዓመትና ጉዳዩን ያየውን ፍርድ ቤት አልጠቅስም።

በ2011 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ቻይና ውስጥ ኮኬይን ይዛ ተገኘች ተብላ ስትታሰር፣ ዕፁ የነበረው በአደራ በተሰጣት የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ እንደሆነ በስፋት ተዘግቦ ነበር። የብዙ ሰው ሐዘን ያረፈውም «ሳታውቅ ተሸክማ ነው» በሚለው ላይ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለመንገደኛ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «የሰው ዕቃ ሳትከፍት አትያዝ» የሚል ሆኗል። የእኛ ባለጉዳይ ግን ከፍታ አይታለች። ሻንጣዎቹ ሲሞሉ እዚያው ነበረች፤ ውስጣቸው ያለው ጫት መሆኑንም ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ከሰፈሯ ሱቆች በአምስቱና በስድስቱ ደጃፍ በግልጽ የሚሸጠው ቅጠል ድንበር ሲሻገር በሕግ ፊት ከእነ ሄሮይን ጋር አብሮ የሚቆም መሆኑን ነው። ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ለይቼ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ለመንገደኛ የምንሰጠው ምክር ሁሉ የተቃኘው ምን እንደተሸከመ ለማያውቅ ሰው ነው፤ የያዘውን እያወቀ ሕጉን ለማያውቅ ሰው የተዘጋጀ አንድም ማስጠንቀቂያ የለንም።

ልጅቷና የእቁብ ጓደኞቿ

ቤቱ በ20/80 ፕሮግራም ለእናቷ በዕጣ የደረሰ ነው። እናቲቱ እንጀራ ጋግረው ለአካባቢው ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ልጅቷ በሒሳብ አያያዝ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ጨርሳ ሥራ ብትፈልግ ስላላገኘች፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ኮንቴይነር ሱቅ ተከራይታ የሴቶች ልብስና የመዋቢያ ዕቃ መሸጥ ጀምራ ነበር። ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ለመድረስ ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር ስለሚያስፈልግ፣ ዕቃ የምትረከበው በአብዛኛው ዱባይና የቻይናዋ ጓንዡ ደርሰው ከሚመለሱ ሻንጣ ነጋዴ ሴቶች ነበር። እነሱ ትርፋቸውን ይዘው የሰጧትን ልብስ እንደገና አትርፋ መሸጥ ስለማይቻላት፣ ኪራዩን ከፍላ የሚቀራት ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የቤቱ የባንክ ዕዳም ተጠራቅሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ በራሷ ሄዳ በራሷ ገንዘብ ብትጭን ሁሉም ይስተካከላል የሚለው ስሌቷ ስሕተት አልነበረም፤ ቁጥሮቹን በደብተር ጽፋ አስቀምጣቸው ነበር፣ እኔም አይቻቸዋለሁ። የጎደላት የትኬትና የቪዛ ወጪ ነበር።

ያንን ወጪ ለመሸፈን የተነሣችው ሴት ከየትም የመጣች እንግዳ አልነበረችም። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ በአንድ እቁብ አብራቸው የምትጥል፣ ልጅቷ «እትዬ» እያለች በአንቱታ የምታናግራት ሴት ነበረች። እናቲቱ በደም ግፊት ሆስፒታል በገቡ ጊዜ የኮንትራት ታክሲ ከፍላ የወሰደቻቸውም፣ ሲወጡም አጥሚት ይዛ የጠየቀቻቸውም እሷ ነበረች። በወንጀል ምርመራ ቋንቋ ይህች ሴት መልማይ ናት፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እጠራታለሁ። ነገር ግን መልማይነቷ የተገነባው በማስፈራራት ወይም በተጋነነ ተስፋ ሳይሆን ጎረቤት ለጎረቤት በሚያደርገው ነገር ላይ መሆኑን ያልተገነዘበ ሰው፣ ልጅቷ ለምን እሺ እንዳለች ሊረዳ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው «ሁለት ሻንጣ አድርሺልኝ፣ በመመለሻሽ የራስሽን ዕቃ ሞልተሽ ነይ» ሲል እምቢ ማለት ውለታ መርሳት ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ምክንያት ነበር። ከዚሁ እቁብ ሁለት ሴቶች ቀደም ሲል የመልማይዋን ሻንጣ ይዘው በተለያየ ጊዜ ወደ ውጭ ሄደው፣ ምንም ሳይገጥማቸው ዕቃ ጭነው ተመልሰዋል። አንደኛዋ በመጀመሪያ ጉዞዋ ባመጣችው ዕቃ ሱቋን አስፋፍታለች። በምርመራ ላይ ስለ ዕፅ አመላላሽ ወጣቶች ሲወራ «እንዴት አላሰበችም?» የሚል ጥያቄ ይዘወተራል። አስባለች እንጂ፤ የምታውቃቸውን ሰዎች አይታ ነው ያሰበችው። ሄደው የተመለሱት ሁለቱ በየሳምንቱ እቁብ ላይ ይታያሉ፤ ሄዶ የታሰረ ሰው ካለም እቁብ ላይ አይታይም። ንግዱን የሚያካሂዱት ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በሰላም መጠናቀቃቸው ለቀጣዩ ምልመላ ከየትኛውም ማባበያ በላይ ይሠራላቸዋል።

ሰርቪስ ቤቱ

መልማይዋ የተከራየችው ግቢ ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ባሻገር ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ በሸራ ላይ ጫት እየተዘረጋ ይደርቃል። የባለጉዳዬ ታናሽ እህት ትምህርት በሌለባት ቀን የቀን ሒሳብ እየተከፈላት እዚያ ስትሠራ ስለነበር፣ ስለ ሥራው ከማንም በላይ የነገረችኝ እሷ ናት። ቅጠሉ ከእንጨቱ ይለቀማል፣ ገራባው ለብቻ ይወገዳል፣ ቅጠሉ ፀሐይ ሳይነካው በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ በእጅ እየታሸ ይደቅቃል። እህትየው ስትናገር መዳፏን በመዳፏ እያሸች አሳየችኝ፤ ከሥራ ስትመለስ ጣቶቿ አረንጓዴ ስለሚሆኑ እናቷ በሎሚ ያሹላት እንደነበርም ነገረችኝ። የደቀቀው ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸግና የሽፈራው ቅጠል ሥዕል ያለበት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ሞሪንጋ ሻይ» የሚል ተለጣፊ ወረቀት ይለጠፍበታል። ጥቂት ያልተለጠፉ ወረቀቶች በእህትየው የትምህርት ቤት ደብተር ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሕትመታቸው ጥራት ያለውና ባለ ቀለም ነው። ብዙ ሥራ የሚሠራ ሰው እንጂ አንድ ጊዜ ለዘመድ የሚልክ ሰው የሚያሳትመው ዓይነት አይደለም።

ባለጉዳዬ ስለዚህ ወረቀት ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋን የላከችው በቴሌግራም በጽሑፍ ሲሆን፣ «እትዬ፣ ጫት ከሆነ ለምን ሽፈራው ይባላል?» ይላል። መልማይዋ በድምፅ የመለሰችላት መልስ እንዲህ ነው፦ «የኔ ቆንጆ፣ ጉምሩኮቹ እንዳይጨቀጭቁሽ ብዬ ነው እንጂ ጫት እኮ ነው። ሀሺሽ መሰለሽ እንዴ? እዚያ ያሉ ልጆች ናፍቋቸው ነው።» ይህ መልእክት የጉዳዩ ሁሉ ማዕከል ስለሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ያው ቅጠል በሁለት ሕግ

መልማይዋ የተናገረችው ነገር እዚህ አገር ለቆመ ሰው ውሸት አይደለም። ጫት በኢትዮጵያ ይለማል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ፈቃድ ባላቸው ላኪዎች በኩል ወደ ሶማሊያና ጅቡቲ ይላካል፤ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ምርቶች በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ቤተ ሙከራ ከትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን ዛሬ በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በአንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ካቲን የተባለው ደካማ ዘመዱ ደግሞ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ይገኛል። የጫት ተክል ራሱ ግን በየትኛውም ዓለም አቀፍ የዕፅ ስምምነት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ ተክሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ሳያሳስብ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ አገር በራሱ ወስኗል። ስዊድንና ኖርዌይ በ1989፣ ኔዘርላንድ በ2013፣ ብሪታንያ ደግሞ የራሷ አማካሪ ምክር ቤት አይከልከል ብሎ እያለ ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። በአሜሪካ ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ይከለክላሉ። ቻይና ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካቲኖንን ብቻ ሳይሆን ጫትን ራሱን በስሙ በአንደኛ ደረጃ የሳይኮትሮፒክ ዝርዝሯ ውስጥ አስገብታለች።

የእነዚህ ክልከላዎች ውጤት በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ይታያል። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚቀንስ፣ ጫት ድሮ የሚሄደው በትኩስነቱ፣ በብዛትና በግልጽ፣ በማለዳ አውሮፕላን ነበር። ለንደንና አምስተርዳም የነበረው ሕጋዊ ገበያ ሲዘጋ፣ በጥንቃቄ የደረቀ ቅጠል በሻንጣና በፖስታ መሄድ ጀመረ፤ ክብደቱ ያንሳል፣ ይቆያል፣ ሌላ ደረቅ ቅጠልም ይመስላል። የአሜሪካ ጉምሩክ ሠራተኞች ዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያና በሌሎች መግቢያዎች ከኢትዮጵያ የተላከ፣ ሻይ ወይም ሞሪንጋ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጫት መያዛቸውን በተደጋጋሚ አስታውቀዋል። ክልከላው ንግዱን ሙሉ በሙሉ አላቆመውም፤ ከላኪ ድርጅት እጅ አውጥቶ በኮዬ ፈጬ ላለች የልብስ ነጋዴ ትከሻ ላይ ጫነው እንጂ። እኔ ጫት ጥሩ ነው ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም፤ በሙያዬ ጫት ያፈረሰውን ትዳር አይቻለሁ። ይህን የምለው የአደጋው ሸክም ከማን ወደ ማን እንደተዛወረ በግልጽ መታየት ስላለበት ነው።

ጓንዡ

ልጅቷ በጓንዡ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዎቿ በመመርመሪያ መሣሪያ ካለፉ በኋላ ወደ ጎን ተጠራች። በሻንጣዎቹ ውስጥ ከጥቂት የራሷ ልብሶች በስተቀር ሌላው ሁሉ ከረጢት ነበር። ቤተሰቡ መታሰሯን የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ስልኳ የተዘጋው ሲም ካርድ ስላላወጣች ነው ብለው ነበር። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ኢትዮጵያም ጓንዡ ውስጥ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት። ባለጉዳዬ ግን ይህ መብት መጀመሪያ ሲነገራት «እናቴ ትሰማለች» ብላ ፈርታ አልጠየቀችም። ቆንስላው የደረሰላት ቤተሰቡ እዚህ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካመለከተ በኋላ ነው።

የቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 347 ዕፅ ያስገባ፣ የሸጠ፣ ያጓጓዘ ወይም ያመረተ ሰው መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን በወንጀል እንደሚጠየቅ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይደነግጋል። 50 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ያስገባ፣ የሸጠ፣ ያጓጓዘ ወይም ያመረተ ሰው ከ15 ዓመት እስራት እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀዋል። ለሌሎች ዕፆች ቅጣቱ የሚሰላው ከእነዚህ ጋር በንጽጽር ስለሆነና ጫት ከሄሮይን አንጻር እጅግ ደካማ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ቅጠል ይዛ እንኳ የሞት ቅጣት አላሰጋትም። ይህን ለእናቲቱ ባስረዳሁበት ቀን ከማንኛውም ነገር አስቀድመው የጠየቁኝ «ልጄ፣ አይገድሏትም ማለት ነው?» የሚለውን ነበር፤ አዎ ስላቸው ለረጅም ጊዜ ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ሰባት ዓመት የሚለውን ቁጥር የሰሙት ቆይተው ነው።

ቤተሰቡ ትልቅ ተስፋ የጣለው በዚያ የድምፅ መልእክት ላይ ነበር። የተታለለች መሆኗን ያሳያል፣ የዕቃውን ባለቤት ያጋልጣል፣ ፍርድ ቤቱ ሲሰማው ይለቃታል ብለው አስበው ነበር። በፍርድ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። መርማሪዎቹ መልእክቱን ቀድመው ከስልኳ አግኝተው አስተርጉመውታል፤ ዐቃቤ ሕጉም የተጠቀመበት በእሷ ላይ ነው። ልጅቷ ጥያቄ መጠየቋ የዕቃው ስም ሐሰት መሆኑን ማወቋን አሳየ፤ መልሱ ደግሞ ሐሰቱ ጉምሩክን ለማለፍ የታቀደ መሆኑን ነገራት፤ ይህን ሰምታ ጉዞዋን ቀጠለች። ስለዚህ ሐሳብ አልነበረኝም ለማለት በር አልቀረላትም። ተከላካይ ጠበቃዋ በአገሯ የተፈቀደ መሆኑን፣ ሪከርድ እንደሌለባትና የተሰጣት ጥቅም የጉዞ ወጪ ብቻ እንደሆነ አንሥቶ ተከራክሯል፤ ይህም ቅጣቱን ለማቅለል እንጂ ጥፋተኝነቱን ለማስቀረት አልበቃም። ሰባት ዓመት እስራት፣ መቀጮ፣ ቅጣቷን ስትጨርስ ከአገር መባረር ተፈረደባት። በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ብትጠይቅም ፍርዱ ጸንቷል።

ፍርዱ ከእኛ ሕግ እጅግ የራቀ ነው ብሎ መቆጣት ይቀናል፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግ አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ለዳኛው የሚተወው ቅጣት የማቅለል፣ እጅግ ልዩ በሆነ ሁኔታም ያለመቅጣት ሥልጣን ነው። በእነዚያ ሻንጣዎች ውስጥ የነበረው ሀሺሽ ቢሆንና ቦሌ ላይ ብትያዝ ኖሮ፣ በአንቀጽ 525 መሠረት ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቃት ነበር። የሁለቱ አገሮች ሕግ ስለ ዕፅ ዝውውር ክብደት ይስማማል። የማይስማማው ዕፅ ስለሚባለው ነገር ሲሆን፣ ልጅቷ የወደቀችው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

እዚህ የቀረው መዝገብ

ባለጉዳዬ በተያዘች በሳምንታት ውስጥ ቤተሰቡ መልማይዋን ከሶ ነበር። ነገሩን ያከበደው የመጀመሪያው ነገር የቦታ ጉዳይ ነው። ኮንዶሚኒየሙና መልማይዋ የተከራየችው ግቢ በመካከላቸው አንድ አስፋልት ብቻ ቢኖርም በሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ሥር ናቸው፤ የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪ ይህን ዓይነት መመላለስ በመታወቂያውም፣ በውኃውም፣ በትምህርት ቤቱም ስለለመደው እናቲቱ አልተገረሙም። አቤቱታው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቦታ ይቅረብ ተብሎ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲላክ፣ ሰርቪስ ቤቱ ባዶ ሆነ። አከራዩ የሚያውቁት የአንድ ዓመት ኪራይ አስቀድማ የከፈለች ጨዋ ሴት እንደነበረች ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። አቤቱታውን የተቀበለው መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «ወንጀሉ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ሰውየውን በዚህ አልወቅሰውም፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ጫት ማድረቅ ወንጀል አይደለም። ጫት ማሸግ ወንጀል አይደለም። በአንቀጽ 692 የተደነገገው አታላይነት ተጎጂው በማታለል ምክንያት የራሱን ወይም የሌላን ሰው የንብረት ጥቅም የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም መደረጉን ይጠይቃል፤ ልጅቷ ያጣችው ግን ንብረት ሳይሆን ነፃነቷን ነው። ከዚህም በላይ ያ የድምፅ መልእክት እዚህም ተነሥቶባታል፦ ጫት መሆኑን ነግራታለችና ምኑ ላይ ነው ያታለለቻት? ከሁሉም የሚቀርበው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ነው፤ የወጪ ንግድ ዕቃን ያለ ፈቃድና በሐሰተኛ ስም ከአገር ማስወጣት በዚያ ያስጠይቃል። ይሁንና ዕቃው ያለው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ያለው፣ የልጅቷ የምርመራ ቃልም ያለው ቻይና ነው። እነዚያን በሕግ ትብብር ለማስመጣት ደግሞ ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ወንጀል መሆኑ ይጠየቃል፤ ለአንዱ አገር ትልቅ የዕፅ ወንጀል የሆነው ለሌላው በወጪ ንግድ ደንብ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ሲሆን ደብዳቤው ማንም ሳይነካው ይቀመጣል።

በ1988 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው ሕገ ወጥ የዕፅ ዝውውርን የሚከላከለው ስምምነት የተሠራው ተሸካሚውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን አደራጅ ለመድረስ ነው። አገሮች ማስረጃ እንዲለዋወጡና የተያዘ ጭነት በክትትል ሥር እንዲያልፍ አድርገው ተቀባዩን እንዲይዙ ያስችላል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አገሮቹ ስለ ዕቃው ምንነት ሲስማሙ ነው። ጫትን በተመለከተ ስለማይስማሙ፣ ከሰርቪስ ቤቱ እስከ ጓንዡ ባለው ሰንሰለት ውስጥ ሕግ የደረሰባት ብቸኛ ሰው ሻንጣውን የጎተተችው ልጅ ናት። ወረቀቱን ያሳተመው፣ ቅጠሉን በጅምላ ያቀረበው፣ ትኬቱን የቆረጠው፣ ጓንዡ ላይ ሊረከብ የነበረው ማናቸውም አልተጠየቁም። ጫት በኢትዮጵያ ይከልከል የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም፤ በአወዳይና በሌሎችም ቦታዎች በእሱ የሚተዳደረውን ገበሬ ያላገናዘበ መፍትሔ መፍትሔ አይደለም። ሊደረግ የሚገባውና የሚቻለው ጫት ወደሚከለክል አገር ሰው መልምሎ ማሰማራትን በራሱ ወንጀል ማድረግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሰውን ለወንጀል ሥራ አሰማርቶ መጠቀምን ከሰው ንግድ የብዝበዛ ዓይነቶች መካከል ቆጥሮታል። የእኛ የሰው መነገድ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በዚሁ መንፈስ እንዲተረጎም ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ መዝገቡ ውስጥ ተያይዟል። እስካሁን የተሰጠበት ውሳኔ የለም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በሰላም ተመልሰው የነበሩት ሁለቱ የእቁብ አባላት ለምስክርነት ለመቅረብ አልደፈሩም፤ በራሳቸው ላይ እንዳይዞር ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ አንደኛዋ ጫት የሚከለክሉትን አገሮች ዝርዝር እንድጽፍላት ጠይቃኝ፣ ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ወረቀቱ በእቁቡ መካከል እየተባዛ ወደ ሦስት እድሮች ደርሷል፤ በአንደኛው እድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ተገኝቼ ሰምቻለሁ። ብዙ እናቶች ሳዑዲን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቻይናና አሜሪካ ሲባል ግን ከኋላ «ጫትን?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት እናት ተነሥተው ልጃቸው ኤምሬትስ ላለች እህቱ «ሽፈራው» ይዞ ሊሄድ መሆኑን ተናገሩ፤ እውነተኛ ሽፈራው መሆኑን በዚያው ምሽት ቤታቸው ሄደን ከፍተን አይተናል። ይህን መሰል ዝርዝር በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ሻንጣ በሚመዘንበት ቦታ እንዲለጠፍ ላቀረብነው ጥያቄ መልስ እየጠበቅን ነው። መንገደኛው ዕቃውን ለመመለስ የሚያስችለው የመጨረሻው ቦታ እዚያ ነው።

ባለጉዳዬ በወር አንድ ጊዜ ደብዳቤ ትጽፋለች። በቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት በማረሚያ ቤት መልካም ጠባይ ያሳየ እስረኛ ቅጣቱ ሊቀነስለት ይችላል፤ ሆኖም ከተፈረደበት ጊዜ ከግማሽ ያላነሰውን መፈጸም አለበት። መቀጮው መከፈሉ በቅነሳው ላይ ክብደት ስላለው፣ ቤተሰቡ አሁን ትኩረቱን ያደረገው በእሱ ላይ ነው። የኮንቴይነር ሱቁ ተለቋል፣ የቀረው ዕቃ ተሽጧል፤ የእቁቡ አባላትም የእናቲቱ ዕጣ ወደ ፊት እንዲመጣ ተስማምተውላቸዋል። የቀረውን ገንዘብ በባንክ በኩል ለመላክ የሚያስፈልገው የተረጋገጠ የፍርድ ግልባጭ በቆንስላው በኩል ተጠይቆ ትርጉሙ እየተጠበቀ ነው። እናቲቱም በየሰኞው ጠዋት እንጀራቸውን አስረክበው በመጡ ቁጥር ስለ ግልባጩ ይጠይቁኛል።